የሕግ ተማሪዎችና ጀማሪ ጠበቆች፣ ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ቁጥር ሳታረጋግጡ አትጻፉ

የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ አቤቱታ ስታዘጋጁ ቻትጂፒቲ የጠቀሰላችሁን አዋጅ እንዳለ አትገልብጡ። ስለ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ብትጠይቁት 45 ቀን ሊላችሁ ይችላል። ያ የተሻረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ነው፤ እሱን የተካው አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 11 ላይ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም ይላል። የደንበኛችሁ እንጀራ በዚህች ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል!

እኔ መጀመሪያ ነጋሪት ጋዜጣውን እከፍታለሁ። የሚመለከተውን አንቀጽ ገልብጬ እለጥፍለትና "ከዚህ ውጭ አትሂድ" እለዋለሁ። ያኔ ጭብጥ በመለየትና የተቃራኒ ወገንን ክርክር አስቀድሞ በማሳየት በእውነት ያግዛል፤ ብዙ ሰዓት ቆጥቦልኛል። የምትለጥፉት ደግሞ አማርኛውን ይሁን፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ከተለያየ የሚጸናው እሱ ነውና።

የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ከጠቀሰላችሁ መዝገብ ቁጥሩን በታተሙት የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች ውስጥ ፈልጉ። ካጣችሁት ሰርዙት። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለት ጠበቆችና ቢሯቸው ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ ፍርዶች ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ውሳኔውን ስታገኙትም ሐተታውን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ጉዳዩ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ።