የልጆቹ ዜማ እንዴት እንደተቃና
ጅማ ውስጥ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ሙዚቃ አስተምራለሁ። መዝሙር ስንጀምር ግማሾቹ ያጉረመርማሉ፣ ግማሾቹ ይጮኻሉ። ዜማው የለም። "ጆሯቸው ለዜማ አልተፈጠረም" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አልተቀበልኩትም። እነዚሁ ልጆች በእረፍት ሰዓት ገመድ እየዘለሉ ሲዘፍኑ ዜማ አይስቱም።

ስለዚህ ሲጫወቱ የሚዘፍኑበትን ከፍታ በኪቦርድ ፈለግኩት። ከመካከለኛው ዶ (ኪቦርዱ መሀል ላይ ካለው ዶ) በላይ ባሉት ድምፆች፣ ከሬ እስከ ላ ባለው መሀል ነው የሚመላለሱት። የወንድ መምህር ድምፅ ደግሞ ከዚያ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ያህል ይወርዳል። ልጁ መምህሩን ልከተል ሲል ድምፁ ታች ይቀበራል፤ ሲያቅተው ይጮኻል።

አሁን መነሻውን ድምፅ የሚሰጣቸው ክራር ነው። ሬን መነሻ አድርጌ በትዝታ ሙሉ ቅኝት፣ ማለትም ባለ አምስት ድምፅ በሆነው የአገራችን የዜማ ስልት፣ እቃኘዋለሁ። አንዱን ክር እመታለሁ። ዝም ብለው ይሰማሉ። ቀጥሎ አፋቸውን ዘግተው "እምም" ይላሉ። ቃሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የመስሚያዋን ዝምታ በፍጹም አትዝለሏት፤ ትልቁ ሥራ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ድምፁ ጥርት ያለ አንድ ልጅ አስቀድሞ እንዲያዜም አደርጋለሁ። ከመምህር ይልቅ እኩያቸውን ሲሰሙ ቶሎ ይይዙታል።

ከበሮው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። የጅማ ዝናብና እርጥበት ቆዳውን ስለሚያላላው ቀደም ብዬ ፀሐይ ላይ አሞቀዋለሁ።

ልጆቹ አሁን የትዝታን አምስት ድምፆች ለይተው ያዜማሉ። ቀጥለን ወደ ሌላው ቅኝት፣ ወደ ባቲ፣ እንገባለን።