ከጫካ ጉዞ በኋላ ውሻ ላይ የሚጣበቅ ጭጎጎት፦ ችግርና መፍትሄ

ክረምቱ ወጥቶ የእንጦጦና የየካ ሣር መድረቅ ሲጀምር፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ውሻ ጭጎጎት ሳይዝ ከጫካ አይመለስም። በብዙ ቦታ በዚህ ስም የሚታወቀው ተክል የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው። ቀጭኑ ጥቁር ዘሩ ጫፉ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሹል ጥርሶች አሉት፤ በጥርሶቹ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። መግባት ይቀለዋል፣ መውጣት እንቢ ይላል። የደረቁ የሣር ዘሮችም ብዙዎቹ ይህ ጠባይ አላቸው።

ምልክት፦ ዘሩ ፀጉሩ ላይ ተበትኖ ይታያል

ገና ስላልተቋጠረ ቀላል ነው። ቤት ሳይገቡ፣ ፀጉሩ ደረቅ እንደሆነ፣ በጣት ይልቀሙ፤ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ያበጥሩት። የለቀሙትን መሬት ላይ አይጣሉ፤ ውሻው ተኝቶበት መልሶ ያነሳዋል።

ምልክት፦ ፀጉሩ ተድቦልቡሎ ጠጥሯል፣ ሲነኩት ያጉረመርማል

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ መዘግየት ነው። ውሻው ይልሰዋል፣ በምራቁ ይርሳል፣ ሲንቀሳቀስ ይታሻል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽትና ከጭራ ሥር ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። ሌላው ምክንያት የባለቤቱ ቅንነት ነው፦ «ይታጠብ» ይባልና ውኃ ይፈስበታል። ውኃ የተቋጠረውን ፀጉር ይበልጥ ያጠብቀዋል። ገላ መታጠብ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

መጀመሪያ የፀጉሩን ሥር ቆዳው አጠገብ በሁለት ጣት አጥብቀው ይያዙ፤ መጎተቱ ቆዳው ጋ አይደርስም፣ ውሻውም ይታገሣል። ጥቂት የምግብ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቋጠሮው ላይ አሽተው ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ቀጥሎ ከጫፍ ወደ ሥር፣ በትንሽ በትንሹ፣ በጣት እየፈለቀቁ ዘሩን አንድ በአንድ ያውጡ። ከሥር ጀምሮ በኃይል ማበጠር ውሻውን ማሰቃየት ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሚዶውን ሲያይ ይሸሻል።

አልፈታ ካለ ይቆረጥ፤ ግን መቀሱ በቀጥታ ቆዳው አጠገብ አይግባ። የብብት ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ቋጠሮው ሲሳብ ደግሞ አብሮ ይነሳል። በቆዳውና በቋጠሮው መካከል ሚዶ አስገብተው ከሚዶው በላይ ይቁረጡ። ነጭ ጋዝና የባሕር ዛፍ ዘይት ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ውሻው ሲልሰውም ይመርዙታል።

ምልክት፦ አንድ እግሩን ሳያቋርጥ ይልሳል ወይም ያነክሳል

በመዳፉ ላይ ኩርንችት ተሰክቶ ከሆነ በወረንጦ ቀጥ አድርገው ይንቀሉትና በሳሙና ይጠቡት። በጣቶቹ መካከል ግን እብጠት ካለና ከትንሽ ቀዳዳ ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ፣ የሣር ዘር ቆዳ በስቶ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ የዞሩት እሾሆች ስለማይመልሱት ከቀን ወደ ቀን ወደ ውስጥ ይጓዛል። መድኃኒት ሲሰጠው የሚደርቅና ሲያቆም መልሶ የሚፈነዳ ቁስልም ዘሩ እዚያው መሆኑን ይጠቁማል። የእንስሳት ሐኪም ከፍቶ ያውጣው፤ በመርፌ አይጎርጉሩት።

ምልክት፦ ከጉዞው በኋላ ድንገት ራሱን ያራግፋል፣ ደጋግሞ ያስነጥሳል ወይም አንድ ዓይኑን ይጨፍናል

ዘሩ ጆሮ፣ አፍንጫ ወይም ዓይን ውስጥ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሐኪም ይየው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ዘሩን ወደ ታምቡሩ ይገፋዋል።

ምልክት፦ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ አፉን በእጁ ይፈትጋል

ጭጎጎቱን በጥርሱ ሲነቅል ምላሱና ድዱ ላይ ተሰክቶበት ይሆናል። ሆኖም እዚህ ላይ እባክዎ ይጠንቀቁ፦ ለሃጭና መዋጥ አለመቻል የእብድ ውሻ በሽታም ምልክቶች ናቸው። ክትባቱን በወቅቱ ያልወሰደ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ከሆነ እጅዎን አፉ ውስጥ አያስገቡ፤ ለሐኪም ያሳውቁ። ከነከስዎ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያውኑ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ምልክት፦ ዘር የመሰለው ነገር ከቆዳው አይለቅም

በዳሰሳ ለስላሳና ክብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መዥገር ነው። ለዚህ ዘይት አይጠቅምም፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ይሳቡት።

ሥራውን ለማቅለል፣ ሣሩ ከመድረቁ በፊት በመስከረም የጣቶቹን መካከል፣ የብብቱንና የጆሮውን ዙሪያ ፀጉር ያሳጥሩ። ፀጉሩን ሙሉ በሙሉ አይላጩት፤ የእንጦጦ ብርድና ፀሐይ ሁለቱም ይጎዱታል።