ቶሎ እጅ አታስወጡ
መምህራን፣ ጥያቄ ስትጠይቁ እጅ የሚያወጡት ሁሌም እነዚያው አራት አምስት ልጆች ናቸው? እንደ ባቲ ባለ ቦታ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች አብረው ሲማሩ ይህ ይብሳል።

ጠይቁና ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ከዚያ "ለጎናችሁ ልጅ ንገሩት" በሏቸው፣ በፈለጉት ቋንቋ። እጅ ማውጣቱ ከዚያ በኋላ ይሁን። የሒሳቡን ምሳሌ ከሰኞው የባቲ ገበያ ካመጣችሁትማ ዝምተኛው ልጅ ሳይቀር ስለ ፍየል ዋጋ ያወራል!

ልጁ መልሱንና ቋንቋውን ባንዴ ለመፈለግ አይጨነቅም። ቢሳሳትም በአንድ ጓደኛው ፊት ነው፣ በ60 ልጅ ፊት አይደለም።

መስማት የሚቸገር ልጅ ካለ ግን ጫጫታው ይጎዳዋል። ከፊት አስቀምጡት፣ ጥያቄውንም ሰሌዳ ላይ ጻፉለት።