ለግጥም መድበል ኤቺንግ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ

ኤቺንግ ማለት ሥዕልን በመርፌ የብረት ሰሌዳ ላይ ጭሮ፣ መስመሩን በኬሚካል አስበልቶ፣ በቀለም ወረቀት ላይ ማተም ነው። መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ግጥሙ ያለውን ግን ደግማችሁ አትሳሉ። ስንኙ ስለ ጣርማበር ጉም ካወራ ጉሙን ገጣሚው ጨርሶታል። እኔ ብሆን ከጉሙ የወጡ የአህያ ጆሮዎችን ነው የምስለው። ሌላው ነጭ ወረቀት ይሁን።

ሰሌዳው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ይሁን። ለኤ5 መጽሐፍ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጠርዙን በሞረድ ሰያፍ አድርጉት፤ አለዚያ ወረቀት ይቆርጣል። ቅባቱን አጽዱና ሰም ያለበትን ቅብ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በመርፌ የምትገፉት ሰሙን ብቻ ነው፤ መዳቡን የሚበላው ፌሪክ ክሎራይድ የሚባለው ኬሚካል ነው። ሥዕሉ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ፊደል ካለበት በመስታወት እያያችሁ ገልብጣችሁ ጻፉ።

የኛ ሰው ፈተና ፌሪኩ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በብርድ ፈሳሹ ይለግማል። የፈረንጅ መመሪያ የሚሰጣችሁን ደቂቃ አትመኑት። ፌሪኩን የያዘውን የፕላስቲክ ትሪ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። ሰሌዳውን በፊቱ ድፉት፤ ዝቃጩ መስመሩን እንዳይሞላው። ቀጭኑ መስመር ሲበቃው አውጡ፣ እጠቡ፣ በቫርኒሽ ሸፍኑት፣ ከዚያ ለቀረው መስመር ሰሌዳውን ወደ ፌሪኩ መልሱት። የአህያዋ ጆሮ የሚጠቁረው፣ ጀርባዋ ደግሞ ሳስቶ ጉም ውስጥ የሚጠፋው በዚህ ነው። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። አሉሚኒየም ዕቃ አታስጠጉ፤ እየፈላ ይግላል። የተረፈውን ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ መድረሻው በሬሳ ወንዝ ነው።

ቀለሙም በብርድ ይጠጥራል። ሰሌዳውን ሞቅ አድርጉ፣ ቀለሙን ወደ መስመሮቹ አሹት፣ ትርፉን እንደ ፋሻ በሳሳ ጨርቅ ጥረጉ። ወረቀቱ ይርጠብ፤ ግን ላዩ ላይ ውሃ አይብለጭለጭ። ሰሌዳውና ወረቀቱ በማተሚያው ሲያልፉ ላያቸው ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ሱፍ ካጣችሁ የመንዝ ባና ቁራጭ ሞክሩ። ሽመናው የጠበቀ ይሁን፤ የላላ ከሆነ ድሩና ማጉ ሥዕሉ ላይ ይታተማል።

መጽሐፉ በኦፍሴት ስለሚታተም ከሁሉ የጠራውን ህትመት በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጋችሁ ስጡ። ማተሚያ ቤቱ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ የተወውን የጠርዝ አሻራ «ቆሻሻ ነው፣ እናጥፋው» ካላችሁ እሺ እንዳትሉ።