የሞለኪውል አኒሜሽን ስትሠሩ ካሜራው ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ቀለሙ አምሯል፣ ሞለኪውሉ ጥርት ብሏል፣ ቪዲዮው ሲከፈት ግን ሰው ግራ ይጋባል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ካሜራውን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ ሞለኪውሉ የሚታይበትን አቅጣጫና ርቀት፣ ጠርጥሩ። በምሳሌነት የምወስደው ሄሞግሎቢንን፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ ነው። ፋይሉ የፕሮቲን ቅርጾች በሚቀመጡበት ፕሮቲን ዳታ ባንክ ላይ 4ኤችኤችቢ በሚለው መለያ ይገኛል፤ አራት የፕሮቲን ሰንሰለትና አራት ሄም፣ ማለትም ኦክስጅኑን የሚይዝ ብረት ያለበት ክፍል፣ አለው። ትእዛዞቹ ሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም የሆነው የፓይሞል ናቸው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሌላውን ፕሮግራም ካይሜራኤክስን አነሳለሁ።

ሞለኪውሉንም ካሜራውንም አንድ ላይ ማንቀሳቀስ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ ቅርጹ ይለወጣል፤ አንዱ የሰንሰለት ጥንድ ከሌላው ጥንድ አንጻር 15 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ቪዲዮውን የሠራችሁት ይህችን 15 ዲግሪ ለማሳየት ነው። ታዲያ ለውጡ እየታየ ካሜራውንም 90 ዲግሪ ካዞራችሁት ተመልካቹ ከየት ያግኛት? አውቶቡስ ተራ ላይ ቆመን ጎናችን ያለው አውቶቡስ ሲነሳ የእኛው የሄደ እንደሚመስለን ነው፤ ማን እንደተንቀሳቀሰ አይለይም።

ስለዚህ ካሜራውን አቁሙት። ግን ማቆሙ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱን ቅርጾች፣ ኦክስጅን የያዘውንና ያልያዘውን፣ መጀመሪያ በአንደኛው ጥንድ ላይ አስደርቧቸው፤ ያኔ ያ ጥንድ ስክሪኑ ላይ ባለበት ይቆያል፣ የሌላኛው መዞር ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሙሉውን ፕሮቲን በሙሉው ላይ ካስደረባችሁት እንቅስቃሴው ለሁለቱም ይከፋፈልና ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ የተነቃነቀ ይመስላል። ለውጡ ሲያልቅ ትንሽ ፋታ ስጡ፣ ከዚያ ካሜራውን እንደፈለጋችሁ አዙሩት።

ካሜራውን ያዞሩ መስሏቸው አተሞቹን ማዞር

ፓይሞል ውስጥ ተርን እና ሮቴት የተለያዩ ናቸው። ተርን እይታውን ያዞራል፤ ሮቴት ግን የአተሞቹን መገኛ ራሱን ይቀይራል። ሙቭ እና ትራንስሌትም እንደዚያው ናቸው። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ ችግሩ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ በጥንቃቄ ያስደረባችኋቸው ሁለት ቅርጾች ተለያይተው ስታገኟቸው፣ ወይም ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ ቁጥሮቹ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ሲሏችሁ። ለካሜራ ሥራ ተርን እና ሙቭን ብቻ ተጠቀሙ።

የመዞሪያ ማዕከሉን መርሳት

በማውስ እየጎተታችሁ አንዱን ሄም ስክሪኑ መሃል ታደርጉታላችሁ። ከዚያ ካሜራው ሲዞር ሄሙ ተወርውሮ ከስክሪን ይወጣል። ለምን? በማውስ መጎተት እይታውን ያንሸራትታል እንጂ የመዞሪያ ማዕከሉን አብሮ አይወስደውም፤ ማዕከሉ አሁንም የፕሮቲኑ መሃል ላይ ነው። ሴንተር ብላችሁ ያንን ሄም ምረጡ፣ ነገሩ አለቀ።

በማውስ ጎማ ማቅረብ

ፓይሞልን አዲስ የጀመረ ሰው ሁሉ ጎማውን ያንከባልላል፤ ሌላ ቦታ ላይ ዙም የሚያደርገው እሱ ነዋ። እዚህ ግን በመደበኛው ሁኔታ ጎማው የሚቀይረው የሚታየውን ቁራጭ ውፍረት ነው፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ ከፊትም ከኋላም እየተቆረጠ ይሄዳል። ለማቅረብ ቀኝ ቁልፉን ይዛችሁ ጎትቱ። ጉሙም፣ ማለትም ራቅ ያለውን ክፍል የሚያደበዝዘው ነገር፣ ቁራጩን ከፊትና ከኋላ በሚወስኑት መቁረጫዎች ስለሚወሰን በቪዲዮው መሃል እነሱ ከተለዋወጡ ምስሉ አንዴ ይፈዛል አንዴ ይደምቃል። በጣም ቀርባችሁ የምትቀርጹ ከሆነ መቁረጫዎቹን ቀድማችሁ ሰፋ አድርጓቸው።

ሙሉ ዙር በሁለት እይታ ብቻ

መጀመሪያው ፍሬም ላይ አንድ እይታ፣ መጨረሻው ላይ ያንኑ እይታ አስቀምጣችሁ ፕሮግራሙ 360 ዲግሪ እንዲዞርላችሁ ብትጠብቁ አይዞርም። በሁለት እይታዎች መካከል አጭሩን መንገድ ነው የሚመርጠው፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ደግሞ የሚሄድበት መንገድ የለም። 180 ላይ አንድ ብቻ መጨመርም አያስተማምንም፣ በየት በኩል እንደሚዞር አይታወቅማ። 120 እና 240 ላይ አንዳንድ እይታ ጨምሩ።

ቪዲዮው እየተደጋገመ የሚዞር ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ፍሬም ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን የለበትም። 120 ፍሬም ካላችሁ እያንዳንዱ 3 ዲግሪ ነው፤ ከ0 ጀምራችሁ 357 ላይ ጨርሱ። 360 ላይ ከጨረሳችሁ ያው ምስል ሁለቴ ይመጣና በየዙሩ ቆም ቆም ይላል።

ካይሜራኤክስ ላይ ዌይትን መዝለል

ስክሪፕት ውስጥ ካሜራው በ120 ፍሬም እንዲዞር ካዘዛችሁ በኋላ ዌይት 120 ካላላችሁ ፕሮግራሙ ዙሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የሚቀጥለውን ትእዛዝ ወዲያው ይጀምራል፤ ማዞሩና ማቅረቡ ይደራረባሉ።

ሳያቋርጡ ማሽከርከር

እንቅስቃሴ ጥልቀትን እንድናይ ይረዳናል፣ ልክ ነው። ነገር ግን ሄሙ ያለበትን ኪስ ልታሳዩ ሙሉ ፕሮቲኑን ካሽከረከራችሁ ኪሱ ግማሹን ጊዜ ከጀርባ ነው። ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ያህል ማወዛወዝ ይበቃል፤ ጥልቀቱም ይታያል፣ ሄሙም ከዓይን አይጠፋም። ሰው ጽሑፍ እንዲያነብ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ደግሞ ጭራሽ አታንቀሳቅሱት።

እይታውን አለማስቀመጥ

በማውስ ያገኛችሁትን ግሩም እይታ ነገ በማውስ አታገኙትም። ጌት ቪው በሉ፣ 18 ቁጥሮች ይሰጣችኋል፤ አዙሪቱ፣ ርቀቱ፣ ማዕከሉ፣ መቁረጫዎቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ኮፒ አድርጋችሁ ስክሪፕታችሁ ላይ ሴት ቪው ውስጥ ለጥፉት። ይሄን ከማድረጋችሁ በፊት ግን መስኮቱን ቪዲዮው በሚወጣበት ቅርጽ፣ ለምሳሌ 16 በ9፣ አድርጉት፤ ጎኖቹ እኩል በሆኑ መስኮት ያማረ እይታ በሰፊ ቪዲዮ ላይ ሌላ ሆኖ ይወጣል።