ራፕን ከሄቪ ሜታል ጋር ማዋሃድ፦ ቤት ውስጥ አንድ ዘፈን እንዴት ይሠራል

ራፕ ላይ የሚቀድመው ቃሉ ነው። ሄቪ ሜታል ላይ ጊታሩ ይነግሣል። ሁለቱን ስናገናኝ ሁለቱም እኩል ይጮሁና አንዱም አይሰማም። እኔ የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ ጊታሩን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት፤ ስንት ቀን የለፋሁበት ግጥም ግን አንድ ቃሉ እንኳ አልለይ አለ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን መቼ ዝም ይበል?

የሚያስፈልጋችሁ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ማይክ፣ ኮምፒውተር ወይም ስልክ፣ እና ጊታሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። በስልክ ለምትሠሩ ባንድላብን የመሰለ ነፃ አፕ ለጅምር ይበቃል።

1. መጀመሪያ አዳምጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሦስት ዘፈኖችን በቅደም ተከተል ስሙ። የመጀመሪያው የራፕ ቡድኑ ራን ዲኤምሲ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት «ሮክ ቦክስ» ነው። ድራም ማሽኑ ይመታል፣ የኤዲ ማርቲኔዝ ጊታር ይገባል፣ ራፑ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሁለተኛው የራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ በ1988 ያወጡት «ሺ ዋች ቻነል ዜሮ» ነው። ሪፉን (ተደጋግሞ የሚመጣውን አጭር የጊታር ዜማ) የወሰዱት ከስሌየር «ኤንጅል ኦፍ ዴዝ» ነው። ስሌየር በፍጥነቱ የታወቀ የሜታል ባንድ ነው። እነሱ ግን ፈጣኑን ክፍል ትተው መሃል ላይ ረገብ የሚለውን ሪፍ መረጡ። ለቃል የሚሆን ቦታ ያለው እዚያ ነዋ! ከዚህ ምርጫ ብዙ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛው የሜታል ባንዱ አንትራክስና ፐብሊክ ኤነሚ በ1991 አብረው የሠሩት «ብሪንግ ዘ ኖይዝ» ነው። እዚህ ራፑ የገባው ሙሉ የሜታል ባንድ ላይ ነው።

«ሁለቱ ሙዚቃዎች አይተዋወቁም» የሚላችሁ ካለ ደግሞ 1986ን ንገሩት። በዚያ ዓመት የወጡትን የስሌየርንም የራፕ ቡድኑን የቢስቲ ቦይስንም አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው (ቀረጻውን የመራው) ሪክ ሩቢን ነው። የስሌየሩ ኬሪ ኪንግም ለቢስቲ ቦይስ የጊታር ሶሎ ተጫውቶላቸዋል።

2. ድራሙን ከሂፕ ሆፕ ውሰዱ

ፍጥነቱን 90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) ላይ አድርጉት። ኪኩ (ወፍራሙ ከበሮ) አንደኛው ምት ላይ፣ ስኔሩ (ቀጭን ድምፅ ያለው ከበሮ) ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይውደቅ። «ይሄማ ለሜታል ዘገየ» እንዳትሉ። 90 የ180 ግማሽ ነው። ጊታሩ በ180 ልክ ሊሮጥ ይችላል፣ ድራሙ ግን ጭንቅላት እያስነቀነቀ ይቆያል። የሁለቱ ሙዚቃዎች መገናኛ እዚህ ጋ ነው።

3. ሪፉን ከሜታል ውሰዱ

የጊታሩን ወፍራም ክር ከኢ ወደ ዲ አውርዱት። ድሮፕ ዲ የሚባለው ይህ ነው። አሁን ሦስቱን ወፍራም ክሮች በአንድ ጣት ተጭናችሁ ፓወር ኮርድ (ሁለት ኖታ ብቻ ያለው ኮርድ) መምታት ትችላላችሁ። የቀኝ እጃችሁን መዳፍ ጎን ክሮቹ ከብሪጁ (ጊታሩ አካል ላይ ከሚያርፉበት ድልድይ) በሚነሱበት ቦታ ላይ አሳርፉና ድምፁን አፈን አድርጋችሁ ምቱ። ሁለት ባር (ስምንት ምት) የሚሆን አጭር ሪፍ ፍጠሩ። የመጨረሻውን ምት ባዶ ተዉት! ራፐሩ መስመሩን የሚዘጋው እዚያ ነው። ዲስቶርሽኑንም (የጊታሩን ሻካራ ድምፅ) ቀነስ አድርጉት፤ ሲበዛ የኪኩን ጉልበት ይበላል።

4. ግጥሙን ጻፉ

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በ«ነው» እና በ«አለ» ቤት መምታት ቀላል ነው። ግን ቶሎ ይሰለቻል። ቃላቱን አገላብጣችሁ መስመሩን በስም ዝጉት። ሌላም ጸጋ አለን። «መታ»፣ «ሰበረ»፣ «ጠጣ» ስንል መሃል ላይ ጠብቆ የሚነበበው ፊደል ራሱ ከበሮ ነው። ጠብቆ የሚነበበውን ስኔሩ ላይ ጣሉት፣ ጊታሩም ከእሱ ጋር ይምታ።

5. ቅዱት

ጊታሩን ሁለት ጊዜ ተጫወቱት። አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አድርጉ። ኮፒ ፔስት አይሠራም፤ ሰፋ ያለ ድምፅ የሚመጣው ከሁለቱ አጨዋወት ጥቃቅን ልዩነት ነው። መሃሉ የራፑ፣ የኪኩና የቤዙ ነው። ቨርሱ (ዋናው የራፕ ክፍል) ላይ ጊታሩ በየመስመሩ መጨረሻ ብቻ ብቅ ይበል። ኮረሱ (አዝማቹ) ላይ ልቀቁት።

6. ዲጄ ከሌላችሁ

ለስክራቹ (ዲጄ ሸክላ እያሸ ለሚያወጣው ድምፅ) የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ባንድ ጊታሪስት ቶም ሞሬሎ መላ አለው። ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዝ ማግኔት) እና ለየብቻቸው ቮልዩም ያለው ጊታር ያዙ። የአንዱን ቮልዩም ዜሮ አድርጉ። በአንድ እጅ ክሮቹን እያሻችሁ፣ በሌላው የፒክአፕ መምረጫውን በምት ወዲያ ወዲህ በሉት። ልክ የሸክላ ስክራች ይመስላል። የ1992 አልበማቸው መግለጫ ጽሑፍ ላይ ሳምፕል፣ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር አልተጠቀምንም ብለው የጻፉት ወደው አይደለም፤ ሰው አያምናቸውም ነበር።

7. በስልክ ስፒከር ፈትኑት

ዘፈኑን ግጥሙን ለማያውቅ ጓደኛ በስልክ ስፒከር አሰሙት። ከዚያ የሰማውን መስመር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ካቃተው የራፑን ድምፅ አትጨምሩ። ወደ ቨርሱ ተመለሱና ጊታሩን ቀንሱ።