ፒዛ ቤት ቅርንጫፍ ሲከፍት የሊጡን ጣዕም እንዴት አንድ ዓይነት ማድረግ ይቻላል?

ለገጣፎ ላይ ደንበኛ ያፈራ ፒዛ ቤት ሱሉልታና ዱከም ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ምድጃ ነው፤ ደንበኛው ግን «የዚህኛው እንደዚያኛው አይደለም» ብሎ የሚቀረው በሊጡ ምክንያት ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ብርዳም ቦታ ሲሆን ዱከም ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ሰዓት የተቦካ ሊጥ አንዱ ጋ ገና ሳይነሳ ሌላው ጋ ኩፍ ብሎ ያልፍበታል።

ስለዚህ ሊጡ በአንድ ቤት ብቻ ቢቦካ ይሻላል። ውሃው ጭምር በሚዛን ይለካ፤ ኩባያ እንደ ሰፋሪው እጅ ይለያያልና። ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 600 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ጨውና 3 ግራም ደረቅ እርሾ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚህም እያንዳንዱ 270 ግራም የሚመዝን 6 ድቡልቡል ሊጥ ይወጣል። በከፍታ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ይነሳል፤ የውጭ አገር አሠራር የሚከተል ሰው እርሾውን ቀንሶ ቢጀምር ይመረጣል።

ድቡልቡሉ ክዳን ባለው ሣጥን ተደርጎ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቀዝቀዣ ውስጥ 24 ሰዓት ይደር፤ ሳይሞቅም ማለዳ ወደየቅርንጫፉ ይጫን። እዚያ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሚዳመጥበትን ሰዓት የሚወስነው ግን የግድግዳ ሰዓት ሳይሆን ጣት ነው። ዱቄት የነካ ጣት ሊጡን ቀስ ብሎ ሲጫነው ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ሊጡ ገና ነው፤ ቀስ እያለ ተመልሶ ትንሽ ምልክት ካስቀረ ለመዳመጥ ደርሷል፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። ይህን ፍተሻ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሊጡን በእጁ አስነክቶ ማስተማር ያስፈልጋል፤ በቃል ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው አይከፈት።

ሊጡ ውስጥ ወተትም ቅቤም አይግባ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ያው ሊጥ በቲማቲም ስጎ፣ በቃሪያና በእንጉዳይ የጾም ፒዛ ይሆናልና። ለጾሙ የሚሆን ትሪና መቁረጫ በሁሉም ቅርንጫፍ ለብቻው ይቀመጥ፤ አይብ በነካ ቢላዋ የተቆረጠ ፒዛ ለጾመኛ ማቅረብ እምነቱን መዳፈር ስለሆነ፣ ጥርጣሬ ካለ ፒዛው እንደገና ይሠራ።